ላም አለኝ በሰማይ፣ ራሷንም አላይ

«የቻይና ዕቃ ነው፤ ደመና ሲነካው ቀለሙ ይለቃል» ይላል የሰፈራችን ተረበኛ፣ ጄ-20 የሚባለው የቻይና ስቴልዝ (ከራዳር የሚሸሸግ) ተዋጊ ጄት ስም በተነሳ ቁጥር። ይህን የሚለው የቻይና ስልክ በእጁ ይዞ፣ የቻይና ጃንጥላ ዘርግቶ፣ ቻይና የሠራችውን የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር እየጠበቀ ነው። ባቡሩ ይዘገይበታል፤ ተረቡ ግን ዘግይቶበት አያውቅም።

እሺ ወንድሜ፣ ቀለሙ ይልቀቅ። ግን ስቴልዝ አውሮፕላን የትም አገር ይሠራ የት፣ ጣጣው ያው ቀለሙ እኮ ነው። ላዩ ላይ የሚቀባው የራዳር ሞገድ የሚውጥ ልባስ ነው፤ ዝናብም ፀሐይም ያስቸግረዋል። የአሜሪካው ስቴልዝ ተዋጊ ኤፍ-22 ከሰማይ ይልቅ ጥገና ላይ ይውላል ብለው የሚያማርሩት ራሳቸው አሜሪካኖቹ ናቸው፤ ከሚያማርሩበትም አንዱ ይሄው ልባስ ነው። ቀለም የሚለቅ አውሮፕላን አልወድም የሚል ሰው ከቻይና ብቻ ሳይሆን ከሁሉም ተጣልቷልና ፊኛ ይግዛ። (ፊኛ ያልኩት በከንቱ አይደለም፤ እንመለስበታለን።)

ጄ-20ን ከሁሉ አስቀድመው ያቃለሉት ግን የሰፈራችን ልጅ ሳይሆኑ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር ነበሩ። ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፤ በእኛ ብቆጥረው ቻይናን ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ልጎትታት ነው፣ እሱን ደግሞ አሜሪካም አልቻለችም። 2009 ጁላይ ላይ ሮበርት ጌትስ ቺካጎ ውስጥ ባደረጉት ንግግር፣ ቻይና እስከ 2020 ድረስ አንድም የአምስተኛ ትውልድ ተዋጊ፣ ማለትም እንደ ኤፍ-22 ያለ ስቴልዝ ጄት፣ እንደማይኖራት ተናገሩ። ዝም ብለው አይደለም የተናገሩት። «ኤፍ-22 በ187 ይብቃ፣ ገንዘቡ ለሌላ ይዋል» ብለው ከምክር ቤት ሰዎች ጋር እየተሟገቱ ነበር። አየር ኃይሉ መጀመሪያ የተመኘው 750 ነው። ሙግቱን አሸነፉ፤ ምርቱም ቆመ።

በሁለተኛው ዓመት ጌትስ ራሳቸው ለጉብኝት ቤጂንግ ገቡ። ጥር 11 ቀን 2011 (ጥምቀት አይደለም፣ የፈረንጁ ጥር ነው) ከፕሬዚዳንት ሁ ጂንታኦ ጋር ለመነጋገር ሰዓታት ሲቀሩ፣ ሲቹዋን ውስጥ ቼንግዱ ላይ ጄ-20 ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሳና 18 ደቂቃ ያህል በርሮ አረፈ። ጌትስም ስብሰባው ላይ ጠየቁ። አብረው የነበሩ የአሜሪካ ባለሥልጣናት እንዳወሩት፣ በክፍሉ የነበሩት የቻይና ሲቪል ሹማምንት የሰሙት ገና ያኔ ነበር የሚመስሉት። መልሱ «ከጉብኝትዎ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም» ሆነ። የእኛ ሰው ቢሆን «እንኳን ደህና መጡ፣ ለእርስዎ ብለን ነው ያበረርነው» ብሎ ምስጋናም ይቀበልበት ነበር።

2020 ሲደርስ ታዲያ ጄ-20 የት ነበር? 2017 ላይ የቻይና መከላከያ ሚኒስቴር አገልግሎት መጀመሩን ካስታወቀ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ሐበሻ ቀጠሮ ያረፍዳል ይባላል፤ ቻይና ግን ሌላ ሰው ከቀጠረላት ቀን ሦስት ዓመት ቀድማ ተገኘች።

ለሕዝብ የታየበት ቀንም የራሱ ተረብ አለው። 2016 ኖቬምበር፣ የዡሃይ የአየር ትርዒት። ተመልካቹ አንገቱን አቅንቶ ሲጠብቅ ሁለት ጄ-20ዎች መጡና አንድ ደቂቃ ያህል አጓርተው ሄዱ። በቃ። ካሜራውን ከቦርሳ ያላወጣ ሰው ከነቦርሳው ቀረ። «መጡ እንዴ?» ብሎ የጠየቀም አይጠፋም። የእኛ ተረት ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነበር፤ ቻይና ደግሞ ራሷ ላሚቱ የማትታይበትን አመጣችው።

«የተሰረቀ ነው» የሚለው ተረብ ግን ጥርስ አለው፤ በሳቅ አይታለፍም። 2016 ላይ አንድ ቻይናዊ ነጋዴ ከጠላፊዎች ጋር አብሮ የአሜሪካን ወታደራዊ አውሮፕላኖች መረጃ፣ የኤፍ-22ንና የኤፍ-35ን ጨምሮ፣ ለማውጣት ማሴሩን አሜሪካ ፍርድ ቤት ቀርቦ አምኖ 46 ወር ተፈርዶበታል። ከዚያም በፊት የሰርቢያው ወሬ አለ። 1999 ማርች 27 ቀን የአሜሪካ «የማይታየው» ኤፍ-117 ጄት ሰርቢያ ውስጥ በአሮጌ የሶቪየት ሚሳይል ተመትቶ ወደቀ። የያኔው የክሮኤሺያ ጦር ኤታማዦር ሹም የነበሩት አድሚራል ከዓመታት በኋላ እንደተናገሩት፣ የቻይና ሰዎች ስብርባሪውን ከገበሬዎች እየገዙ ሲሰበስቡ ነበር። ቤልግሬዶች በዚያው ሰሞን «ይቅርታ፣ የማይታይ መሆኑን አላወቅንም» የሚል ጽሑፍ ይዘው ወጡ። ለዚህ ተረብ የአገራችን ተረበኛ ሁሉ ተሰልፎ እጅ ሊነሳ ይገባዋል። ሠርተው የጣሉት አሜሪካኖች፣ መትተው የተረቡት ሰርቦች፣ ለቅመው ሄዱ የተባሉት ቻይናዎች፤ እያንዳንዱ በሙያው።

ኔቶም ቢሆን ስም ሲያወጣለት ዝም አላለም። ለጄ-20 የሰጠው መለያ «ፌጊን» ነው፤ ይህ ደግሞ በቻርልስ ዲከንስ ልቦለድ ውስጥ ሕፃናትን ኪስ ማውለቅ የሚያሠለጥነው ሽማግሌ ስም ነው። ጥላቻ አለበት? አለበት። ያስቃል? ያስቃል።

ግን እስቲ ከሳሾቹን አንድ ላይ እናቁማቸው። አንዱ «ፊቱ የኤፍ-22 ነው» ይላል። ሌላው «አየር ማስገቢያው የኤፍ-35 ነው» ይላል። ሦስተኛው ከሞስኮ በኩል ተነስቶ «ኧረ የእኛን ሚግ 1.44 ነው የቀዳው» ይላል። ምስክሮቹ እንዲህ ከተለያዩ ዳኛው ፋይሉን ይዘጋል። ሦስቱንም ሰርቆ፣ ገጣጥሞ፣ አብርሮ በሰላም ካሳረፈው ደግሞ ስርቆቱን ትተን ገጣጣሚውን እንጠይቅ። ለነገሩ የቼንግዱ ፋብሪካ ቀደም ብሎ የሠራው የጄ-10 ተዋጊ ዋና መሐንዲስ የነበረው ሶንግ ዌንቾንግ ከባልደረቦቹ ጋር 2001 ላይ ባሳተመው ጥናት፣ ከፊት ካናርድ የሚባል ትንሽ ክንፍ ያለው፣ ጅራቱ እንዳለ የሚዞር፣ አጭር ክንፍ ያለው ተዋጊ ምን ዓይነት ቅርጽ ሊኖረው እንደሚገባ ዘርዝሮ ጽፎ ነበር። ወረቀቱ ላይ ያለውን ሥዕል ያየ ሰው ጄ-20ን ሲያይ አይገረምም። የጄ-20 ዋና መሐንዲስ ያንግ ዌይም በዚያው በቼንግዱ ፋብሪካ ቤት ያደገ ባለሙያ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን ወርቁ ከሁለቱም ወገን ሳይቀላቀል አልቀረም፣ መለየቱን ለአንጥረኛ እተወዋለሁ።

የስርቆቱን ጉዳይ ሳንዘጋ፣ 2018 ማብቂያ ላይ አሜሪካ፣ ጆርጂያ ግዛት፣ ሳቫና ኤርፖርት ላይ አንድ ጄ-20 ቆሞ ታየ። ልክ በቁመቱ፣ ከነካናርዱ። ሰው ተደናገጠ። የአሜሪካ ማሪን ኮር ወጥቶ «የእኛ ነው፤ ለሥልጠና ያሠራነው ሞዴል ነው» አለ። እንግዲህ «ኮፒ ነው» ብለው ሲስቁበት ከርመው ኮፒውን ኮፒ አደረጉት። ቻይና ክስ ብትመሠርት ኖሮ የመጀመሪያዋን ትኬት ቆርጬ ችሎት የምገባው እኔ ነበርኩ።

አሁን ወደ ህንድ እንሻገር። የህንድ አየር ኃይል አዛዥ የነበሩት ቢሬንደር ሲንግ ዳኖዋ 2018 ላይ የሱ-30 ተዋጊ ጄታቸው ራዳር ጄ-20ን ከብዙ ኪሎ ሜትር እንደሚያየው ተናገሩ። 2020 ላይ ደግሞ፣ ጡረታ ወጥተው፣ የፈረንሳዩ ራፋል ጄት ህንድ ሲገባ፣ ጥያቄ አከሉ፤ ይህ አውሮፕላን እውነት ስቴልዝ ከሆነ ካናርድ ምን ያደርግለታል? አፍተርበርነር (ነዳጅ ጨምሮ የሚያቀጣጥለውን ማፍጠኛ) ሳይለኩስ ከድምፅ ፍጥነት በላይ መሄድስ ለምን አልቻለም?

አባቴ፣ በመጀመሪያው ላይ ትንሽ እንከራከር። ስቴልዝ አውሮፕላን በሰላሙ ጊዜ ሲበር ሆዱ ሥር አንዲት ትንሽ ጉብታ ይገጠምለታል። ሉነበርግ ሌንስ ትባላለች፤ ሥራዋ የራዳርን ሞገድ ወደመጣበት መልሳ ማንጸባረቅ ነው፣ ማለትም አውሮፕላኑን ሆን ብላ ታጋልጠዋለች። አንደኛ የበረራ ተቆጣጣሪዎች እንዲያዩት፣ ሁለተኛ ጠላት እውነተኛ መልኩን በራዳር እንዳያጠና። ጄ-20ም ይህችን ጉብታ ይዞ ሲበር በተደጋጋሚ ፎቶ ተነስቷል። «እዚህ ነኝ» እያለ የሄደን ሰው ተደብቆ ያዝኩት አይባልም።

ካናርዱ ላይ ግን ነጥቡን ለዳኖዋ ሰጥቻለሁ። ከፊት የምትንቀሳቀስ ተጨማሪ ክንፍ ለራዳር ተጨማሪ ጠርዝ ናት። መሐንዲሶቹ የሚሉት፣ አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ኮምፒውተሩ ካናርዱን አደብ ያስገዛዋል፣ ሲዞር ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው ነው። ይሁን። ከኋላ ሲታይ ደግሞ ክብ የሞተር አፍንጫዎቹ ተሰልፈው ይታያሉ። ከፊት ሲመጣ ዓይን አፋር ነው፣ ጀርባውን ከሰጠ በኋላ ግን ይሉኝታ የለውም። ለቻይና መሐንዲሶች ይህ ሂሳብ ነው፤ ፊት ለፊት ካልታየሁ ቀድሜ እተኩሳለሁ፣ ከተኮስኩ በኋላ ጀርባዬን የሚያየው ሰው ቢኖር ዕድለኛ ነው ብለው አስልተውታል።

ዋናው ጭቅጭቅ ቅልጥፍናው ላይ ነው። ካፌ ውስጥ የተቀመጠ የአየር ኃይል አዛዥ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ይገለበጣል ወይ?» ጄ-20 ወደ 21 ሜትር የሚረዝም ትልቅ ሰውዬ ነው። ሰፊ ዴልታ (ባለ ሦስት ማዕዘን) ክንፍ አለው፤ ካናርዱ አፍንጫውን ቶሎ ያነሳለታል፤ ሁለቱ የጅራት ክንፎቹ እንደሌላው አውሮፕላን ጫፋቸው ብቻ ሳይሆን እንዳሉ ከሥራቸው ይዞራሉ። ከቁመቱ አንጻር ሲታይ አይንቀረፈፍም። ግን የገባበትን ሥራ ካላየን ቅልጥፍናውን እንለካለን ብለን በከንቱ እንደክማለን።

ትጥቁን እዩ። እስካሁን በታየው ጄ-20 ላይ መድፍ የለም። መድፍ ያልያዘ ሰው ለጨበጣ ውጊያ አልመጣም። ኖቬምበር 11 ቀን 2018፣ የቻይና አየር ኃይል ልደቱን ሲያከብር ዡሃይ ላይ ሆዱን ከፈተና አሳየ፤ መካከል ላይ አራት ረጅም ርቀት ተወንጫፊ ፒኤል-15 ሚሳይሎች፣ በግራና ቀኝ ጎኑ አንዳንድ አጭር ርቀት ፒኤል-10። የጎኑ በር ብልሃት ደስ ይላል። በሩ ይከፈታል፣ ሚሳይሉ ከነመያዣው ይወጣል፣ ከዚያ በሩ ተመልሶ ይዘጋል። ሚሳይሉን ደጅ አውጥቶ ቤቱን ዘግቶ ይጠብቃል። ኤፍ-22 ሚሳይሉ እስኪሄድ ድረስ በሩን ከፍቶ ይቆያል፤ የተከፈተ በር ደግሞ ራዳር ይወደዋል። እዚህች ላይ «ኮፒ» የሚለው ተረበኛ ትንሽ ሻይ ይጠጣ።

ሆዱ ሰፊ የሆነውም ለነዳጅ ነው። ሩቅ ሄዶ ማንን ሊመታ ነው? የአሜሪካ ተዋጊ ጄቶች ፓሲፊክ ላይ ያለ ነዳጅ ጫኝ አውሮፕላን ብዙ ርቀት አይሄዱም፤ ያለ ቃኚ ራዳር አውሮፕላንም ግማሽ ዓይናቸው ጠፋ ማለት ነው። እነዚህ ሁለቱ ትልልቅ፣ ዝግተኛ፣ የማይደበቁ አውሮፕላኖች ናቸው። ጄ-20 ከዳር ተሹለክልኮ እነሱን ከሩቅ ማስፈራራት ከቻለ ኤፍ-22 የፈለገውን ያህል ቢገለበጥ የሚገለበጠው ነዳጁ እስኪያልቅ ነው። ጭፈራ ያማረው ሰው ደግሞ በዚያው በ2018 ትርዒት ላይ የዚያው ፋብሪካ ልጅ ጄ-10 የሞተር አፉን ወዲያ ወዲህ እያዞረ፣ አየር ላይ ቀጥ ብሎ እየቆመ አስጨፍሮታል። ቼንግዱ ጭፈራ አያቅታትም፤ ለጄ-20 ግን ሌላ ሥራ ነው የሰጠችው።

ሞተሩ ላይ ግን ተረበኞቹ ትክክል ነበሩ፤ ዳኖዋም ጭምር። የመጀመሪያዎቹ ጄ-20ዎች የሩሲያ ኤኤል-31 ቤተሰብ ሞተር ነበር የገጠሙት። ይህ የሱ-27 ሞተር ዘር ነው፤ የእኛ አየር ኃይል ከ1998 መጨረሻ ጀምሮ የተረከባቸው ሱ-27ዎች የሚያገሡበት። በሞተር በኩል ሲቆጠር እንግዲህ ጄ-20 ከደብረ ዘይት ጋር ዝምድና ነበረው። ደብረ ዘይት ያደገ ሰው ዡሃይ ሄዶ ዓይኑን ጨፍኖ «ይሄን ድምፅ የት ነው የማውቀው?» ቢል አልፈርድበትም። ለዚያ ክብደት ለዚያ ዓላማ ግን ሞተሩ አይበቃም ነበር፤ ተረቡም በቂ ምክንያት ነበረው። ከዚያ የአገር ውስጡ ዳብሊው ኤስ-10 ገባ፤ 2021 ዡሃይ ላይ በራሱ ሞተር በርሮ አሳየ። ከ2023 ወዲህ ደግሞ ሲጠበቅ የኖረው ዳብሊው ኤስ-15 ተገጥሞለት ሲሞከር ታይቷል። ሞተር መሥራት ለቻይና ከአውሮፕላኑ ይልቅ ያስቸገራት ነገር ነው፤ አብረቅራቂ ፎቶ ለቀው የሚፎክሩት ደጋፊዎቿ ይህን ሃያ ዓመት የፈጀ ላብ ሲያወሩ አይሰሙም፤ ላብ ፖስተር ላይ አያምርማ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ቀልጣፋው አውሮፕላኑ አይደለም፣ ፋብሪካው ነው። ድሮ አውሮፕላን ሲሠራ አካሉ አንድ ቦታ ይቆማል፤ ሠራተኛው፣ ቁልፉ፣ ሽቦው ሁሉ እየመጣ ይከበዋል። ቼንግዱ አሁን የምትሠራው «ፐልስ» በሚሉት መስመር ነው፤ አውሮፕላኑ ከአንዱ ጣቢያ ወደሚቀጥለው በተወሰነ ቀን ይገፋል፣ ሠራተኛው ባለበት ይቆያል። አንዱ ጣቢያ ከዘገየ ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማልና ማንም ሻይ እጠጣለሁ ብሎ አይጠፋም። ኤፍ-22 በ187 ቆሞ መስመሩ 2011 መጨረሻ ላይ ተዘጋ። ጄ-20 ከ200 ማለፉን የውጭ ተንታኞች ከጻፉ ቆይተዋል፤ 300 ገደማ የሚያደርሱትም አሉ። ጌትስ በ2009 የሞገቱለት ቁጥር እነሆ በቻይና በኩል ታልፏል።

ቁጥሩን ማን ቆጠረው? እዚህ ላይ ነው የሚያስቀው። ቻይና አትናገርም። የሚቆጥሩት ከፋብሪካው አጥር ውጭ ካሜራ ይዘው የሚውሉ የአውሮፕላን ወዳጆች ናቸው። ገና ቀለም ያልተቀባ፣ ቢጫ መነሻ ቀለሙን እንደለበሰ የሚወጣውን ጄት ፎቶ ያነሱታል፤ ሌሎቹ ደግሞ ፎቶው ላይ የተገኘውን መለያ ቁጥር ይለቅማሉ። 2010 ማብቂያ ላይ አውሮፕላኑ መሬት ላይ ሲንደረደር መጀመሪያ ያየነውም በእነሱ ፎቶ ነው። ቢሊዮን የፈሰሰበት ራዳር የማያየውን ጄት አጥር ላይ የተንጠለጠለ ሰው ቆጠረው።

የቻይና አድናቂም እንዳይኮራ፣ ኤፍ-35 ከ1,000 በላይ ተሠርቷል። ሩሲያ ደግሞ ተረብ ውስጥ ባትገባ ይሻላታል፤ ከፋብሪካ የወጣው የመጀመሪያው ስቴልዝ ጄቷ ሱ-57 አየር ኃይሉ ሳይረከበው 2019 ዲሴምበር ላይ ወድቋል።

የተሠራው የት ሄደ? 2019 ላይ ዉሁ ከተማ፣ የዋንግ ሃይ ብርጌድ ተረከበው። ዋንግ ሃይ በኮሪያ ጦርነት የታወቀ ተዋጊ አብራሪ ነው፤ ብርጌዱም በስሙ ይጠራል። ከዉሁ ታይዋን ለጄ-20 ሩቅ አይደለችም፤ ይህን ለማወቅ የመረጃ ሠራተኛ መሆን አያስፈልግም፣ ካርታ ይበቃል። ዛሬ በአምስቱም የጦር እዞች ሥር ጄ-20 አለ። 2022 ላይ አምራቹ ድርጅት በምሥራቅና በደቡብ ቻይና ባሕር ላይ መደበኛ ቅኝት መጀመሩን አስታወቀ። የፓሲፊክ የአሜሪካ አየር ኃይል አዛዥ የነበሩት ጄነራል ኬኔት ዊልስባክ በዚያው ዓመት፣ ኤፍ-35ዎቻቸው ምሥራቅ ቻይና ባሕር ላይ ከጄ-20 ጋር ተቀራርበው እንደነበርና አመራሩ ጥሩ ሆኖ እንዳገኙት ተናገሩ። ወራት ቆይተው ደግሞ ብዙ እንቅልፍ የሚያሳጣ አውሮፕላን አይደለም አሉ። በመካከሉ፣ ጁን ላይ፣ አሜሪካ ኔቫዳ ውስጥ 65ኛውን የአጥቂ ስኳድሮን በኤፍ-35 አደራጅታ እንደገና አቋቋመች፤ ሥራው የቻይናን ስቴልዝ መስሎ የራሷን አብራሪዎች መፈተን ነው። እንቅልፍ ለማያሳጣ ነገር ስኳድሮን ሙሉ ሰው ሌሊት ማስነሳት ምን ይባላል፣ ጄነራል?

«አንድም ቀን ተኩሶ አያውቅም!» ይሄኛውን እቀበላለሁ። ጄ-20 ጦርነት አያውቅም። የአየር ትርዒት ላይ ማንም ጀግና ነው፤ ከደመናው ጋር ሲታገል የሚሸነፍ የለም። ግን ውጤቱን በጽሑፍ እናስቀምጠው። ኤፍ-22፣ 2005 ላይ አገልግሎት የጀመረው የሰማይ ንጉሥ፣ አየር ላይ ያለን ኢላማ መጀመሪያ መትቶ የጣለው ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2023 ነው። ምን ጣለ? ፊኛ። ያውም የቻይና ፊኛ። ሳውዝ ካሮላይና ዳርቻ፣ በአንድ ሚሳይል። የዚያን ቀን ውጤት እንግዲህ ኤፍ-22 አንድ፣ ጄ-20 ዜሮ ነበር። የቻይና ዕቃ ይረግፋል ያልከው ወንድሜ፣ ይህችን አንዷን ቀን ልክ ነበርክ።

ጄ-20 ባይዋጋም ዘመዱ ግን ተዋግቷል። ሜይ 2025 ላይ ህንድና ፓኪስታን ሲታኮሱ ፓኪስታን ያሰማራችው ከቼንግዱ የወጣውን ጄ-10ሲ ነበር፤ ሚሳይሉም ጄ-20 ሆዱ ውስጥ የሚይዘው የፒኤል-15 የውጭ ገበያ ዓይነት። ፓኪስታን ራፋልን ጨምሮ የህንድን ጄቶች ጣልኩ አለች። የህንድ መከላከያ ኃይሎች ኤታማዦር ሹም አኒል ቻውሃን በወሩ መጨረሻ ጄት ማጣታቸውን አመኑ፤ ስንት እንደሆነ ግን አልተናገሩም። የአምራቹ ድርጅት አክሲዮን ዋጋ በዚያ ሰሞን ሽቅብ ተተኮሰ። በዚያ ሳምንት አቀበት የወጣው ሁሉ አውሮፕላን አልነበረም።

ከዚህ ላይ ተነስተው «ጄ-20 ኤፍ-22ን ይበላዋል» ለሚሉት ግን ቀስ በሉ እላለሁ። ፒኤል-15ን ከጄ-10 መተኮስ አንድ ነገር ነው፤ ስቴልዝን ከስቴልዝ ጋር ማጋጠም ማንም ያልሞከረው ሌላ ነገር ነው። በዚያ ላይ ቁጭ ብሎ የሚፈርድ ሰው ዳኛ ሳይሆን ደጋፊ ነው፤ ማሊያውን ይልበስና በግልጽ ይጨፍር።

ባለ ሁለት ወንበሩን ጄ-20ኤስ ሲያዩም አንዳንዶች «አብራሪው ብቻውን ይፈራል» ብለው ነበር። ከኋላ የሚቀመጠው ሰው ለፍርሃት አይደለም፤ አብረው የሚበሩ ሰው አልባ አውሮፕላኖችን ያዛል፣ መረጃውን ያጣራል ተብሎ ነው የሚገመተው። ሁለት ሰው የሚይዝ የመጀመሪያው ስቴልዝ ተዋጊም ይሄው ነው። ሴፕቴምበር 3 ቀን 2025 ቤጂንግ ላይ በወታደራዊ ሰልፉ ሰማይ ነጠላውም፣ ባለ ሁለቱም፣ አዲሱ ስቴልዝ ተዋጊ ጄ-35ኤም አብረው አልፈዋል።

የባለ ሁለቱ ወንበር ትልቁ ቀን ግን ከሰልፉ በፊት ነበር። ዲሴምበር 26 ቀን 2024፣ የማኦ ልደት ዕለት፣ ቼንግዱ ላይ በጠራራ ቀን አንድ ማንም አይቶት የማያውቅ ግዙፍ አውሮፕላን ከቤቶች በላይ ዝቅ ብሎ አለፈ። ሦስት ሞተር ይመስላል፤ የውጭ ሰዎች ጄ-36 ብለውታል። መንገደኛው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ቀረጸው። መንግሥት ምን አለ? ዝም። ዝም አይነቅዝም። ከጎኑ እየተከተለ ሲያጅበው የታየው ጄ-20ኤስ ነው፤ በ2011 ሙሽራ የነበረው በ2024 ሚዜ ሆኖ ብቅ አለ፣ ፍጥነቱን እዩልኝ።

ተረበኞቹ ግን ለአዲሱ ሙሽራም ጊዜ አልሰጡትም። ካናርድ የለው፣ ቀጥ ያለ የጅራት ክንፍ የለው፤ ወዲያው «ጅራት ከሌለው በምን ሊዞር ነው?» ተባለ። የቼንግዱ ሰዎች «ካናርድ ምን ያደርግለታል» ሲባሉ አሥር ዓመት ሰሙ። እሺ ብለው ካናርዱንም ጅራቱንም ቆርጠው ቢመጡ፣ አሁን ደግሞ ጅራቱን የት አደረሳችሁት እየተባሉ ነው።